የከፍተኛ ትምህርት የገንዘብ ድጋፍ አጠያየቅ፦ በዱብሉቅና በደቡብ ቆላማ ከተሞች ለሚገኙ ተማሪዎችና ቤተሰቦች

ይህ መረጃ የተዘጋጀው በቦረና ዞን በዱብሉቅ እንዲሁም በያቤሎ፣ በሜጋ፣ በሞያሌ፣ በነገሌ ቦረናና በአካባቢያቸው የሚኖሩ ተማሪዎችና ወላጆች ለዩኒቨርሲቲና ለኮሌጅ ትምህርት የሚያስፈልገው ወጪ በምን እንደሚሸፈን፣ ቀሪው ከየት ሊጠየቅ እንደሚችልና ጥያቄው እንዴት መቅረብ እንዳለበት እንዲያውቁ ነው።

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ጠባብ በር ሆኗል። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡ ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ነበሩ። ይህን በር ያለፈ የአርብቶ አደር ልጅ ለመጓጓዣና ለብርድ ልብስ የሚሆን ገንዘብ በወቅቱ ባለማግኘቱ የምዝገባ ቀን ቢያልፍበት፣ ጉዳቱ ለቤተሰቡም ለአካባቢውም ከባድ ነው። እንዲህ ያለው ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ በቅድመ ዝግጅት ሊወገድ ይችላል። ለዚህም በመጀመሪያ መንግሥት የሚሸፍነውን ወጪ ከማይሸፍነው ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

1. መንግሥት የሚሸፍነው ወጪ

በትምህርት ሚኒስቴር ምደባ ወደ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ በመደበኛው መርሐ ግብር የሚገባ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሲመዘገብ የትምህርት ክፍያ በእጁ እንዲከፍል አይጠየቅም። ትምህርት፣ መኝታና ምግብ የሚሰጠው በወጪ መጋራት ሥርዓት ነው። ሥርዓቱ የተዘረጋው በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 91/1995 ሲሆን፣ ተማሪው የመኝታና የምግቡን ሙሉ ወጪ እንዲሁም ከትምህርት ወጪው ቢያንስ 15 በመቶውን እንደሚጋራ ደንግጓል።

ተማሪው በየዓመቱ የወጪ መጋራት ውል ይፈርማል። በውሉ ላይ የሚሰፍረው መጠን እንደ ትምህርት መስኩና ተማሪው እንደሚጠቀምባቸው አገልግሎቶች ይለያያል። ክፍያው የሚጀምረው ከምረቃ በኋላ ተመራቂው ገቢ ማግኘት ሲጀምር ሲሆን፣ ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየተቀነሰ ይከፈላል። በመምህርነት የሚሠለጥኑ ተማሪዎች ግዴታቸውን በአገልግሎት የሚወጡበት አሠራር አለ። ዕዳው ተከፍሎ ወይም በአገልግሎት ተተክቶ እስኪጠናቀቅ ድረስ ዋናው የትምህርት ማስረጃ በተቋሙ ዘንድ ስለሚቆይ፣ ተማሪዎች በየዓመቱ የሚፈርሙትን ውል ቅጂ በጥንቃቄ ሊያስቀምጡ ይገባል።

ከዚህ በመነሳት ወላጆች ሊገነዘቡት የሚገባ አንድ ነጥብ አለ። ለመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የመደበኛ ተማሪ የትምህርትና የምግብ ክፍያ አስቀድሞ ለማዘጋጀት ሲባል የምትታለብ ላም ወይም የመራቢያ ከብት መሸጥ አያስፈልግም።

የሚከተሉት ግን በዚህ ሥርዓት አይሸፈኑም፦

— በግል ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች የሚሰጥ ትምህርት። ተማሪው ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ተቋሙ፣ ካምፓሱና የትምህርት መስኩ በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የታወቀ ፈቃድ ያላቸው መሆኑን ማረጋገጥ ይኖርበታል።

— በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በማታ፣ በቅዳሜና እሑድ ወይም በርቀት መርሐ ግብር የሚሰጥ በክፍያ የሚማሩት ትምህርት።

ራስ ገዝ የሆነው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የራሱ የመግቢያና የክፍያ አሠራር አለው። በዚያ መማር የሚፈልጉ አመልካቾች የዓመቱን ማስታወቂያ በቅድሚያ ማንበብ ይጠበቅባቸዋል። የመምህራን ትምህርት ኮሌጆችና የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ደግሞ በአብዛኛው በክልሎች ሥር የሚተዳደሩ በመሆናቸው፣ የምልመላና የወጪ ሁኔታቸው የሚታወቀው በክልሉ ከሚወጣው ማስታወቂያ ነው።

2. በቤተሰብ ላይ የሚወድቀው ወጪ

ዩኒቨርሲቲዎች አዲስ ተማሪዎችን ሲጠሩ አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ የትራስ ልብስ፣ የስፖርት ትጥቅ፣ ጉርድ ፎቶግራፍና የትምህርት ማስረጃዎች ይዘው እንዲቀርቡ ያሳውቃሉ። ከዱብሉቅ ለሚነሳ ተማሪ በዚህ ላይ የጉዞው ወጪ ይጨመራል። ምደባው አገር አቀፍ በመሆኑ አንዱ ተማሪ በያቤሎ ወደሚገኘው ቦረና ዩኒቨርሲቲ ወይም ወደ ቡሌ ሆራ ዩኒቨርሲቲ ሲመደብ፣ ሌላው ወደ ጎንደር ወይም ወደ አሶሳ ሊመደብ ይችላል። የሁለቱ የጉዞ ወጪ በእጅጉ ይለያያል። ቆላ ለለመደ ተማሪ በደጋ ከተማ የሚያስፈልገው የብርድ ልብስና ጃኬትም ተጨማሪ ወጪ ነው።

በትምህርት ዘመኑ ውስጥ ደግሞ ሳሙና፣ የንጽሕና መጠበቂያ፣ ደብተር፣ የፎቶ ኮፒና የሕትመት ወጪ፣ የሞባይል ካርድ እንዲሁም ለዕረፍት ወደ ቤተሰብ መመለሻ ትራንስፖርት ያስፈልጋሉ። እያንዳንዱ ወጪ ለብቻው ሲታይ ትንሽ ነው። ተደምሮ ሲታይ ግን ድጋፍ የሌለውን ተማሪ በመካከል ትምህርቱን ሊያስቋርጠው ይችላል። በአካባቢ ደረጃ የሚገኝ ድጋፍ ይበልጥ የሚጠቅመው ለዚህ ወጪ ነው። በመሆኑም የድጋፍ ጥያቄ «ለዩኒቨርሲቲ ትምህርት» ተብሎ በጥቅሉ ከሚቀርብ ይልቅ፣ በዝርዝር የታወቀውን ይህን ክፍተት ለመሙላት ተብሎ ቢቀርብ ተቀባይነት የማግኘት ዕድሉ ሰፊ ነው።

3. ድጋፍ ሊጠየቅ የሚችልባቸው ቦታዎች

ሀ. ጎሳና ቡሳ ጎኖፋ

በቦረና ባህል በድርቅ፣ በበሽታ ወይም በግጭት ከብቱን ያጣ ቤተሰብ ጉዳዩን ለጎሳው ጉባኤ ሲያቀርብ የጎሳው አባላት ከብት አዋጥተው ዳግም ያቋቁሙታል። ይህ ሥርዓት ቡሳ ጎኖፋ በመባል ይታወቃል። ሥርዓቱ በከብት ላይ የተመሠረተ ቢሆንም፣ ቤተሰብ የልጁን የትምህርት ጉዳይ ለጎሳ ሽማግሌዎች ከማቅረብ የሚያግደው የለም። ጥያቄው ለጉባኤ ሲቀርብ የምደባ ማስረጃውንና የወጪ ዝርዝሩን አያይዞ ማቅረብ ይመረጣል። የተሰጠው ድጋፍ መጠን፣ ለስንት ዓመት እንደሆነና ማን እንደሚያደርስ በጽሑፍ ቢያዝ ደግሞ ድጋፉ በመካከል እንዳይቋረጥ ይረዳል።

የኦሮሚያ ክልል በዚሁ ባህል ስም የተሰየመ የቡሳ ጎኖፋ ተቋም አቋቁሟል። የተቋሙ ዋና ተግባር አደጋ የደረሰበትን ማኅበረሰብ በሕዝብ መዋጮ መደገፍ በመሆኑ፣ እንደ ቋሚ የትምህርት ድጋፍ ፕሮግራም ሊቆጠር አይገባም። በድርቅ የተጎዱ ቤተሰቦች ግን ስላሉት ድጋፎች በወረዳቸው መጠየቅ ይችላሉ።

ለ. የማኅበረሰብ ፋውንዴሽኖችና የበጎ አድራጎት ድርጅቶች

የማኅበረሰብ ፋውንዴሽን ማለት በአንድ አካባቢ የሚኖሩ ወይም ከዚያ አካባቢ የወጡ ሰዎች ያዋጡትን ገንዘብ በአንድ ቋት ይዞ ለአካባቢው ጉዳዮች በተለይም ለተማሪዎች ድጋፍ የሚያውል ተቋም ነው። የዚህ ዓይነቱ የመጀመሪያ ተቋም በ1914 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በክሊቭላንድ ከተማ ተመሠረተ። በጎረቤት አገር የኬንያ የማኅበረሰብ ልማት ፋውንዴሽን በ1997 እ.ኤ.አ. ተቋቁሟል። በኢትዮጵያ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠሩት በበጎ አድራጎት ድርጅት፣ በልማት ማኅበር፣ በቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር ወይም በውጭ አገር በሚኖሩ የአካባቢው ተወላጆች ስብስብ መልክ ነው። በአካባቢው የሚንቀሳቀሱት እነማን እንደሆኑና በዚያው ዓመት ለተማሪ ድጋፍ መኖሩን ለማወቅ የወረዳውን ትምህርት ጽሕፈት ቤትና የተማሩበትን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር መጠየቅ ተገቢ ነው።

ሐ. የተመደቡበት ዩኒቨርሲቲ

ተማሪው ከተመዘገበ በኋላ ችግሩን ለተማሪዎች አገልግሎት ዲን ጽሕፈት ቤት ሊያቀርብ ይችላል። ሴት ተማሪዎች በተቋሙ ለሴቶች ጉዳይ በተቋቋመው ክፍል፣ አካል ጉዳተኛ ተማሪዎች ደግሞ ለልዩ ፍላጎት ድጋፍ በተቋቋመው ክፍል በኩል ቢያመለክቱ ጉዳያቸው በቀጥታ ለሚመለከተው አካል ይደርሳል። በግቢው ውስጥ ያለው የተማሪዎች በጎ አድራጎት ክበብ ልብስና የትምህርት ቁሳቁስ የሚያሰባስብ ከሆነም መጠየቅ አያሳፍርም። ለዚህ የሚያስፈልገው ከቀበሌ የተሰጠ የድጋፍ ደብዳቤ ስለሆነ ተማሪዎች ከቤት ሲወጡ ይዘውት መሄድ ይኖርባቸዋል። ከሩቅ ግቢ ሆኖ ደብዳቤውን ከዱብሉቅ ማስመጣት ጊዜ ይወስዳል።

መ. ለተለዩ ተማሪዎች የተዘጋጁ ፕሮግራሞች

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲና ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን ጋር በመተባበር አካል ጉዳተኛ ወጣቶችን ተጠቃሚ ያደረገ የነፃ ትምህርት ዕድል ፕሮግራም ሲያካሂድ ቆይቷል። እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች የተወሰነ ዘመንና የተወሰነ የተቀባይ ቁጥር ያላቸው በመሆናቸው፣ አመልካቾች በዓመቱ ጥሪ መኖሩን ከዩኒቨርሲቲው በቀጥታ ማረጋገጥ ይገባቸዋል።

4. ለአርብቶ አደር አካባቢ ተማሪዎች የሚደረግ ልዩ ትኩረት

የዩኒቨርሲቲና የአቅም ማሻሻያ ፕሮግራም መግቢያ ነጥብ በየዓመቱ በትምህርት ሚኒስቴር ይወሰናል። የአቅም ማሻሻያ ፕሮግራሙ የጀመረው በ2015 ዓ.ም. ሲሆን፣ ሙሉ የማለፊያ ነጥብ ያላመጡ ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተጨማሪ ትምህርት ተምረው ድጋሚ የሚመዘኑበት ነው። መግቢያ ነጥቡ ሲወሰን ለአርብቶ አደር አካባቢ ተማሪዎች፣ ለሴቶችና ለአካል ጉዳተኞች ልዩ ድጋፍ የሚደረግበት አሠራር አለ። ስለሆነም ከ50 በመቶ በታች ያመጣ ተማሪ የዓመቱ የመግቢያ ነጥብ ይፋ ሳይሆን ተስፋ ቆርጦ ወደ ሌላ ሥራ መሰማራት የለበትም።

የዚህ ትኩረት ተጠቃሚ ለመሆን ተማሪው የተማረበት ትምህርት ቤትና ወረዳ በፈተና ምዝገባው ላይ በትክክል መስፈር አለበት። የምዝገባ ስህተት በትምህርት ቤት ደረጃ ሳለ ማስታረም ውጤት ከወጣ በኋላ ከማስታረም እጅግ ይቀላል።

5. የሚያስፈልጉ ሰነዶች

ድጋፍ ሰጪዎች የሚጠይቁት ሰነድ ቢለያይም የሚከተሉትን አስቀድሞ ማዘጋጀት ለሁሉም ያገለግላል፦

1ኛ. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤትና የ8ኛ ክፍል ሰርተፊኬት፣ ዋናውና ቅጂው

2ኛ. ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለው ትራንስክሪፕት

3ኛ. የዩኒቨርሲቲ ወይም የኮሌጅ ምደባ ማረጋገጫ

4ኛ. የቀበሌ ነዋሪነት መታወቂያና የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ

5ኛ. የቤተሰቡን የኑሮ ሁኔታ የሚገልጽ በቀበሌው የተጻፈና ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ

6ኛ. ወላጅ በሞት የተለየ ወይም የተፈናቀለ ከሆነ ይህንኑ የሚያስረዳ ማስረጃ

7ኛ. በተማሪው ስም የተከፈተ የባንክ ሒሳብ ቁጥር

8ኛ. በቅርብ ጊዜ የተነሱት ጉርድ ፎቶግራፍ

እነዚህ ሰነዶች ሲዘጋጁ በአካባቢው ሁለት ችግሮች ሊያጋጥሙ ስለሚችሉ ጥንቃቄ ይሻል።

የመጀመሪያው የስም አጻጻፍ ነው። የቦረና ተማሪ ስም በትምህርት ቤት ሰነድ በቁቤ፣ በሌላ ሰነድ በአማርኛ፣ በብሔራዊ ፈተና ደግሞ በእንግሊዝኛ ሊጻፍ ይችላል። በቁቤ በረጅም አናባቢና በድርብ ተነባቢ የተጻፈ ስም በሌላው ሰነድ ላይ በነጠላ ፊደል ሲጻፍ፣ ስሙን የማያውቅ ሠራተኛ የሁለት ሰዎች ሰነድ አድርጎ ሊወስደው ይችላል። በመሆኑም በፋይዳ፣ በፈተና ምዝገባና በባንክ ሒሳብ ላይ ያለው አጻጻፍ ፊደል በፊደል አንድ መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ልዩነት ከተገኘ በአንዱ ሰነድ ላይ ማስታረም፣ ይህ ካልተቻለ ሁለቱም ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ማግኘት ይገባል።

ሁለተኛው የአስተዳደር ስያሜ ነው። ዱብሉቅ ራሷን የቻለች ወረዳ ከመሆኗ በፊት በድሬ ወረዳ ሥር ትገኝ ነበር። በዚህ ምክንያት የቆየ ሰነድ «ድሬ ወረዳ»፣ አዲሱ ሰነድ «ዱብሉቅ ወረዳ» ሊል ይችላል። በተመሳሳይ መልኩ ነገሌ ቦረና የምሥራቅ ቦረና ዞን ማዕከል ከሆነች ወዲህ የዚያ አካባቢ ነዋሪዎች የቆየና አዲስ ሰነድ የተለያየ የዞን ስም ሊኖረው ይችላል። አመልካቾች በማመልከቻቸው ላይ አሁን ያለውን ስያሜ ጽፈው የቀድሞውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ቢያብራሩ አላስፈላጊ ጥርጣሬን ያስቀራሉ።

6. የማመልከቻ ደብዳቤ አጻጻፍ

ጥሩ ማመልከቻ ከአንድ ገጽ አይበልጥም። አመልካቹ ማን እንደሆነ፣ የት እንደተመደበ፣ ምን እንደተሸፈነለት፣ ምን እንደጎደለውና ድጋፉን ለምን እንደሚያውለው ይገልጻል። «ቤተሰቦቼ ድሃ ስለሆኑ እንድትረዱኝ እለምናለሁ» የሚል ደብዳቤ ለውሳኔ የሚሆን መረጃ አይሰጥም። «ቤተሰቤ በድርቁ ከነበሩት ከብቶች አብዛኛዎቹን አጥቷል፤ ትምህርትና ምግብ በወጪ መጋራት ይሸፈንልኛል፤ የጎደለኝ የጉዞ፣ የመኝታ ልብስና የአሥር ወር የትምህርት ቁሳቁስ ወጪ ነው» የሚለው ግን ውሳኔ ሰጪው የሚጠይቀውን ሁሉ አስቀድሞ ይመልሳል።

የሚከተለው ናሙና እንደ አስፈላጊነቱ ተሻሽሎ ሊያገለግል ይችላል፦

ቀን ………

ለ………

ጉዳዩ፦ የትምህርት የገንዘብ ድጋፍ ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች ……… በቦረና ዞን በዱብሉቅ ወረዳ የ……… ቀበሌ ነዋሪ ስሆን፣ በ……… ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ……… ነጥብ አምጥቼ በ……… ዩኒቨርሲቲ ተመድቤአለሁ። የምዝገባው ቀን ……… ነው።

ቤተሰቤ ……… አባላት ያሉት ሲሆን መተዳደሪያው ……… ነው። የቤተሰቤን ሁኔታ የሚገልጽ የቀበሌ ደብዳቤ ከዚህ ጋር አያይዤአለሁ። የትምህርት፣ የመኝታና የምግብ ወጪዬ በወጪ መጋራት የሚሸፈን ሲሆን የሚከተሉት ይጎድሉኛል፦

የአንድ ጊዜ ወጪ፦ መጓጓዣ ……… ብር፣ አንሶላና ብርድ ልብስ ……… ብር፣ አልባሳት ……… ብር

ወርኃዊ ወጪ፦ የንጽሕና መጠበቂያ ……… ብር፣ የትምህርት ቁሳቁስ ……… ብር፤ በ10 ወር ሲባዛ ……… ብር

ጠቅላላ ድምር ……… ብር፤ ቤተሰቤ የሚሸፍነው ……… ብር፤ ከሌላ አካል ያገኘሁት ……… ብር፤ የምጠይቀው ድጋፍ ……… ብር

የተሰጠኝን ድጋፍ ለተጠቀሰው ዓላማ እንደማውልና በየወሰነ ትምህርቱ መጨረሻ ውጤቴን እንደማሳውቅ አረጋግጣለሁ።

ከሰላምታ ጋር

ስምና ፊርማ ………

በናሙናው ላይ «ቤተሰቤ የሚሸፍነው» እና «ከሌላ አካል ያገኘሁት» የሚሉት መስመሮች መተው የለባቸውም። ቤተሰቡ የሚችለውን ትንሽ ድርሻ መግለጹ እምነትን ያሳድራል። ከሁለት ቦታ ለአንድ ወጪ ድጋፍ ተቀብሎ መደበቅ ደግሞ ሲታወቅ የተማሪውን ድጋፍ ያቋርጣል፤ ከእርሱ በኋላ ለሚያመለክቱ የአካባቢው ልጆችም በር ይዘጋል።

7. የጊዜ ሰሌዳ

ብሔራዊ ፈተናው በቅርብ ዓመታት በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ ሲሰጥ፣ ውጤቱ በጳጉሜን ወይም በመስከረም ይገለጻል። ምደባና ጥሪ ተከታትለው ይመጣሉ። ከጥሪ እስከ ምዝገባ ያለው ጊዜ አጭር ሊሆን ስለሚችል ዝግጅቱን በሚከተለው ቅደም ተከተል ማከናወን ይጠቅማል፦

— ከፈተና በፊት፦ የስም አጻጻፍን ማስተካከል፣ ፋይዳ መመዝገብ፣ የባንክ ሒሳብ መክፈት

— በሐምሌና በነሐሴ፦ የቀበሌ ደብዳቤ ማውጣት፣ ትራንስክሪፕት መውሰድ፣ ለጎሳ ሽማግሌዎችና ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ማሳወቅ

— ውጤት በተገለጸ ሳምንት፦ ማመልከቻዎችን ማስገባት፤ የምደባ ማረጋገጫውን እንደወጣ ማያያዝ

— ከምዝገባ በኋላ፦ የመመዝገቢያ ማስረጃ ቅጂ ለድጋፍ ሰጪው መላክ

ይህ ቅደም ተከተል ለአርብቶ አደር ቤተሰብ ሌላም ጥቅም አለው። የዩኒቨርሲቲ ጥሪ የሚመጣው ሐጋያ የሚባለው የአጭር ጊዜ ዝናብ በሚጠበቅበት ወቅት አካባቢ ነው። ዝናቡ ከዘገየ ከብት ይከሳል፤ የገበያ ዋጋውም ይወርዳል። ወጪውን አስቀድሞ ያወቀ ቤተሰብ ፍየል ወይም በግ ደህና ዋጋ በሚያወጣበት ጊዜ ወደ ዱብሉቅ ገበያ ሊያወጣ ይችላል። በመጨረሻው ሳምንት የተዋከበ ቤተሰብ ግን የተገኘውን ዋጋ ለመቀበል ይገደዳል።

8. በድርቅ የተጎዱና የተፈናቀሉ ቤተሰቦች

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት በተከታታይ አምስት የዝናብ ወቅቶች በቂ ዝናብ ባለመዝነቡ የቦረና አርብቶ አደሮች ከፍተኛ የከብት ሀብት አጥተዋል። ዱብሉቅም የተፈናቀሉ ቤተሰቦች ከተጠለሉባቸው ቦታዎች አንዷ ነበረች። ከእነዚህ ቤተሰቦች የወጡ ተማሪዎች ማስረጃ ሲያወጡ ከመጡበት ቀበሌ ወይስ አሁን ከሚኖሩበት የሚለው ጥያቄ ሊያስቸግራቸው ይችላል። ነዋሪነታቸው የተመዘገበበት ቀበሌ መታወቂያውን፣ አሁን ያሉበት ቀበሌ ደግሞ ተፈናቅለው መኖራቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ ቢሰጣቸው ሁለቱ ተደጋግፈው የተሟላ ማስረጃ ይሆናሉ።

የጠፉ የትምህርት ሰነዶችን በተመለከተ ተማሪው በመጀመሪያ የተማረበትን ትምህርት ቤት ሪከርድና ማኅደር ክፍል መጠየቅ አለበት። የብሔራዊ ፈተና ሰርተፊኬት ምትክ የሚጠየቀው ለትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ነው።

ሴት ተማሪዎች ያሉባቸው ቤተሰቦች ለምዝገባ የሚያስፈልገው ገንዘብ ለአንድ ልጅ ብቻ የሚበቃ በሚሆንበት ጊዜ ወንዱን አስቀድመው ሴቷን ለሚቀጥለው ዓመት ሊያቆዩ ይችላሉ። በጥሪው ቀን ሳይመዘገብ የቀረ ተማሪ ምደባው በራሱ ወደሚቀጥለው ዓመት አይተላለፍለትም። ስለዚህ ሁለት ልጆች የተመደቡለት ቤተሰብ ለሁለቱም በተለያየ ማመልከቻ ድጋፍ መጠየቅ ይችላል፤ ይገባዋልም።

9. ድጋፍ ከተገኘ በኋላ

ድጋፉ በተማሪው የባንክ ሒሳብ ቢገባ ይመረጣል። በአንድ ጊዜ ከመስጠት ይልቅ በየወሰነ ትምህርቱ ከፋፍሎ መስጠት ለሁለቱም ወገን ይጠቅማል። ተማሪው የትምህርት መስክ ከቀየረ፣ በሕመም ዊዝድሮዋል ከሞላ ወይም ውጤቱ ዝቅ ካለ ለድጋፍ ሰጪው በወቅቱ ማሳወቅ አለበት። ችግሩን በግልጽ የነገረ ተማሪ ድጋፉ ሊቀጥልለት ይችላል፤ ድምፁ የጠፋ ተማሪ ግን ትምህርቱን እንዳቋረጠ ይቆጠራል።

10. ከማጭበርበር ስለመጠንቀቅ

እውነተኛ ድጋፍ ሰጪ ለማመልከቻ፣ ለ«ፕሮሰስ» ወይም ለ«ቦታ መያዣ» ገንዘብ አይጠይቅም። የተማሪው የባንክ የይለፍ ቃል ወይም በስልክ የሚላክ የማረጋገጫ ቁጥር ለማንም መሰጠት የለበትም። ዋና ሰነድ ለደላላ አይሰጥም፤ ለማመልከቻ የሚቀርበው ቅጂ ነው። በማኅበራዊ ሚዲያ የተሠራጨ የነፃ ትምህርት ዕድል ማስታወቂያ ሲያጋጥም በተቋሙ መደበኛ ድረ ገጽ ወይም በወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ምደባ በገንዘብ እናስቀይራለን የሚሉ ግለሰቦች ሲያጋጥሙ ለፖሊስ ማሳወቅ ይገባል።

11. የተማሪዎች ድጋፍ ቋት ለማቋቋም ለሚፈልጉ የአካባቢው ነዋሪዎች

እድር፣ እቁብና መሰል ባህላዊ ስብስቦች በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት መመዝገብ አይጠበቅባቸውም። በመሆኑም ጎሳ ወይም እድር ከአባላቱ አዋጥቶ ተማሪ ለመደገፍ አዲስ ድርጅት ማቋቋም የለበትም። ቋቱ ከአባላት ውጭ ከሕዝብ ገንዘብ የሚያሰባስብ ወይም ከውጭ አገር ድጋፍ የሚቀበል ከሆነ ግን ሕጋዊ ሰውነት ያስፈልገዋል። ከአንድ ክልል በላይ የሚንቀሳቀስ ድርጅት የሚመዘገበው በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ሲሆን፣ በኦሮሚያ ክልል ውስጥ ብቻ የሚሠራ ደግሞ ክልሉ ባወጣው ሕግ ይስተናገዳል።

አዋጁ ሀብት ለዘለቄታው ለበጎ ዓላማ የሚመደብበትን ኢንዶውመንት እንዲሁም አምስትና ከዚያ በላይ ሰዎች ለተወሰነ የበጎ አድራጎት ዓላማ ገንዘብ የሚያሰባስቡበትን ኮሚቴ እንደ አደረጃጀት ያውቃል። ለአስተዳደር የሚውለው ወጪ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥም ይደነግጋል። የቋቱ መራጭ ኮሚቴ መስፈርቱን በጽሑፍ አውጥቶ ከማመልከቻ በፊት ቢለጥፍና የተመረጡትን ብዛትና የተከፈለውን ገንዘብ በየዓመቱ ለአዋጪዎች ቢያሳውቅ መዋጮው ይቀጥላል። በቦረና ኤላዎች የውሃ ተራ የሚጠበቀው ደንቡን ሁሉም ስለሚያውቀው ነው። የድጋፍ ቋትም እንዲሁ የሚጸናው ተራውና መስፈርቱ ለሁሉም ግልጽ ሲሆን ነው።

ለተጨማሪ መረጃ

አመልካቾች በመጀመሪያ የተማሩበትን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎ የወረዳቸውን ትምህርት ጽሕፈት ቤት እንዲያነጋግሩ ይመከራል። ምደባን የሚመለከት ጥያቄ ለትምህርት ሚኒስቴር፣ የፈተና ውጤትንና ሰርተፊኬትን የሚመለከት ለትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት፣ ምዝገባንና በግቢ ውስጥ የሚገኝ ድጋፍን የሚመለከት ደግሞ ለተመደቡበት ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራርና የተማሪዎች አገልግሎት ዲን ይቀርባል። ማንኛውም ድጋፍ ዘግይቶ ቢወሰን እንኳ ተማሪው በጥሪው ቀን ተገኝቶ መመዝገቡ ቀዳሚ ጉዳይ ነው። የተመዘገበ ተማሪ የጎደለውን በግቢ ሆኖ ሊጠይቅ ይችላል፤ ያልተመዘገበ ግን በመጀመሪያ ማስመለስ ያለበት ቦታውን ነው።